ለአሻንጉሊት ፎቶ ሌንስ አመራረጥ፦ ከሌንሱ በፊት ማስመሪያ

ለአሻንጉሊቶቼ ብዬ መጀመሪያ የገዛሁት ሌንስ 85 ሚሊ ሜትር ነበር፤ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) እስከ ኤፍ 1.8 የሚከፈት፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ሻጩ «ለፊት ፎቶ ከዚህ የተሻለ አያገኙም» አለኝ፤ ለሰው ፊት ከሆነ አልተሳሳተም። ቤት ገብቼ 29 ሴንቲ ሜትር የምትሆነውን አሻንጉሊት ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ስጠጋት ግን ሌንሱ ከ80 ሴንቲ ሜትር ወዲህ ትኩረት አልይዝ አለ። ወደ ኋላ ስመለስ ምስሉ ጠራ፤ የአሻንጉሊቷ ፊት ግን በሰፊ ባዶ ቦታ መሀል እንደ ቴምብር አንሶ ቀረ። ሌንሱ እንከን አልነበረበትም። ከመግዛቴ በፊት መጠየቅ የነበረብኝን ሁለት ቁጥር አልጠየቅሁም ነበር።

እነዚያ ሁለት ቁጥሮች፣ ሌንሱ ምን ያህል እንደሚቀርብና ምን ያህል እንደሚያጎላ፣ ስንት መሆን እንዳለባቸው የሚወሰነው በአሻንጉሊቷ ቁመት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከሌንስ ዝርዝር ሳይሆን ከማስመሪያ ነው። ማስመሪያ፣ ሜትር፣ አሻንጉሊትዎን፣ ወረቀትና እርሳስ ያዘጋጁ። ሒሳቡ ከማካፈል አያልፍም።

ደረጃ 1፦ መስፈርቷን ይወቁ፣ ርቀትዎን ያውጡ

አሻንጉሊት ሰብሳቢዎች እንደ ካርታ በመስፈርት ይነጋገራሉ። አንድ ስድስተኛ ማለት ስድስት እጥፍ ብታድግ የሰው ቁመት የምታክል ማለት ነው፤ ከ1959 ጀምሮ የምናውቃት ባርቢ 29 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆና የምትመደበው እዚህ ነው። አንድ አራተኛ የሚባሉት ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይሆናሉ። መገጣጠሚያቸው ኳስ የሆነና ውስጣቸው በላስቲክ የተወጠረ ትልልቆቹ አሻንጉሊቶች አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሦስተኛ ናቸው፤ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። ለትንንሽ የአሻንጉሊት ቤቶች የሚሠሩት አንድ አሥራ ሁለተኛዎች ደግሞ ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ይጠጋሉ።

መስፈርቱ ለምን ያስፈልገናል? አንድን ሰው 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ሆነን ብናነሳው አፍንጫው ይገዝፋል፣ ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ይሸሻሉ፤ አፍንጫው ከጆሮው ይልቅ ለካሜራው በጣም ስለሚቀርብ ነው። ሁለት ሜትር ስንርቅ ያው ፊት እንደምናውቀው ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ለውጥ ሌንሱ ያመጣው ይመስለዋል። አይደለም፤ የሚያመጣው ርቀቱ ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ርቀት ላይ ከፊታችን ያለውን ምን ያህሉን ቆርጠን እንደምንወስድ ብቻ ነው።

እንግዲህ አሻንጉሊቷ በፎቶ ላይ እንደ ሰው እንድትታይ ከፈለግን ሰውን የምናነሳበትን ርቀት በመስፈርቷ እናካፍላለን። ለፊት ፎቶ 2 ሜትር፣ ለሙሉ ቁመት 4 ሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ለአንድ ስድስተኛ አሻንጉሊት ፊቷን ከ33 ሴንቲ ሜትር፣ ሙሉ ቁመቷን ከ67 ሴንቲ ሜትር ያነሷታል። ለአንድ ሦስተኛ ደግሞ 67 ሴንቲ ሜትርና 1.3 ሜትር ይሆናል። ለአንድ አሥራ ሁለተኛ 17 እና 33 ሴንቲ ሜትር። እነዚህን ቁጥሮች ወረቀቱ ላይ ይጻፉ፤ ከዚህ በኋላ የምንሠራው ሁሉ በእነሱ ላይ ይቆማል። ትንሽ ቢርቁ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ፊቷ ይረጋጋል። በጣም ቢቀርቡ ግን አገጯና አፍንጫዋ ወደ እርስዎ ይዘረጋሉ።

ጭንቅላታቸው ከሰውነታቸው ጋር የማይመጣጠን አሻንጉሊቶች ለብቻቸው ይታያሉ። በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣችው ብላይዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ አካሏ ትንሽ፣ ጭንቅላቷ ትልቅ፣ ዓይኗም ገመድ ሲሳብ ቀለም የሚቀያይር ነው። እንዲህ ላለችው በቁመት ሳይሆን በጭንቅላት ያስሉ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከአገጭ እስከ አናት 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የአሻንጉሊትዎ 9 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 22 ሲካፈል ለ9 ወደ 2.5 ይጠጋል፤ 2 ሜትርን ለ2.5 ሲያካፍሉ 80 ሴንቲ ሜትር ያገኛሉ። የዚህ ዓይነት አሻንጉሊቶች ከቅርብ ሲነሱ ግንባራቸው ምስሉን ሁሉ የሚሞላው ያለ ምክንያት አይደለም፤ በቁመታቸው ተታልለን ያለ ልካቸው ስለቀረብናቸው ነው።

ደረጃ 2፦ በምስሉ ውስጥ የሚገባውን ይለኩ

አሻንጉሊቷን አቁመው ማስመሪያውን ከጎኗ ይያዙ። ፊቷንና ትከሻዋን ከነትንሽ ባዶ ቦታ ለመያዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል? ለ29 ሴንቲ ሜትሯ 9 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ለሙሉ ቁመቷ ከላይና ከታች እስትንፋስ ጨምረው 36 ሴንቲ ሜትር ይበሉ።

አሁን የካሜራዎን ሴንሰር (ምስሉ የሚያርፍበትን ሰሌዳ) መጠን ይፈልጉ። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው 23.5 በ15.6 ያህል ነው፤ የካኖኖቹ ትንሽ ያንሳል፣ 22.3 በ14.9። ማይክሮ ፎር ሰርድስ 17.3 በ13 ነው። የሴንሰሩን ረጅም ጎን በሚያነሱት ቦታ ረጅም ጎን ያካፍሉ፤ የሚወጣው የሚያስፈልግዎ የማጉላት መጠን ነው። በፉል ፍሬም ለፊት 36 ሲካፈል ለ90፣ ማለትም 0.4። ለሙሉ ቁመት 36 ሲካፈል ለ360፣ 0.1። በኤፒኤስ-ሲ ለፊት 0.26፣ ለሙሉ ቁመት 0.065።

ትንሽ ሴንሰር እዚህ ላይ ጥቅም እንዳለው ልብ ይበሉ። ያንኑ ፊት ለመሙላት የሚጠይቀው ማጉላት ያነሰ ስለሆነ ሌንስ ማግኘቱ ይቀላል። ለአሻንጉሊት ብለው ፉል ፍሬም ካሜራ ለመግዛት የሚያስቡ ካሉ፣ ገንዘቡን ለሌንስና ለብርሃን ያቆዩት እላለሁ።

ደረጃ 3፦ የሌንሱን ሁለት ቁጥሮች ያንብቡ

እያንዳንዱ ሌንስ በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ «ዝቅተኛ የትኩረት ርቀት» እና «ከፍተኛ ማጉላት» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉት። እኔ ሳልጠይቅ የቀረሁት እነዚህን ነው። የ85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንሶች በተለምዶ ከ80 ሴንቲ ሜትር አይቀርቡም፣ የሚያጎሉትም 0.12 ወይም 0.13 ነው። በደረጃ 2 ካገኘነው 0.4 ጋር ሲያስተያዩት ቴምብሩ ከየት እንደመጣ ይገባዎታል።

የሌንሱ ስምና የትኩረት ርዝመት (50፣ 85 የሚባለው የሚሊ ሜትር ቁጥር) ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። የካኖን ኢኤፍ 50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ቀርቦ 0.21 ያጎላል። የኒኮን 50 ኤፍ 1.8ጂ በ45 ሴንቲ ሜትር 0.15፣ የሶኒ ኤፍኢ 50 ኤፍ 1.8 ደግሞ በ45 ሴንቲ ሜትር 0.14 ነው። ሦስቱም 50፣ ሦስቱም 1.8 ናቸው። በፉል ፍሬም ላይ ግን የመጀመሪያው 17 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቦታ ሲሞላ፣ የመጨረሻው ከ26 ሴንቲ ሜትር በታች አይወርድም። በመጀመሪያው ግማሽ አካሏን ይይዛሉ፤ በመጨረሻው ከጉልበቷ በላይ ያለውን።

ብዙዎች ንቀው መሳቢያ ውስጥ የሚጥሉት፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው 18-55 ዙም ደግሞ ያስገርማል። በ55 ሚሊ ሜትር ላይ አድርገው ሲጠጉ አንዳንድ የካኖንና የኒኮን ሞዴሎች 0.36 ያህል ያጎላሉ። ከላይ ከጠቀስኳቸው ከሦስቱም 50ዎች ይበልጣል፤ በኤፒኤስ-ሲ ለባርቢ ፊት የሚያስፈልገውን 0.26 አልፎ ይሄዳል። «አፐርቸሩ 5.6 ብቻ ነው» የሚል ካለ፣ ደረጃ 5 ላይ እንደምናየው ለእኛ ሥራ ያ ጉድለት አይደለም። ይህ ሌንስ በእጅዎ ካለ ምንም ሳይገዙ አንድ ወር ይሥሩበት።

ዝቅተኛ የትኩረት ርቀት የሚለካው ከሌንሱ ፊት አይደለም፤ ካሜራው አናት ላይ ክብና በመሀሉ የሚያልፍ መስመር ከተሳለበት ምልክት፣ ማለትም ከሴንሰሩ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር የሚል ሌንስ ራሱ 12 ሴንቲ ሜትር ቢረዝምና ካሜራው 2 ቢጨምር በመስታወቱና በአሻንጉሊቷ አፍንጫ መካከል የሚቀረው 16 ብቻ ነው። ብርሃን የሚገባውም የሌንሱ ጥላ የሚያርፈውም በዚያ ክፍተት ነው።

ደረጃ 4፦ የትኩረት ርዝመቱን ያስሉ

ርቀቱ ከደረጃ 1፣ ማጉላቱ ከደረጃ 2 ተገኝቷል። የቀረው የሚሊ ሜትሩ ቁጥር ነው። 1ን በማጉላቱ ያካፍሉ፣ 1 ይደምሩበት፣ ከዚያ ርቀቱን በሚሊ ሜትር አድርገው በውጤቱ ያካፍሉ።

ለባርቢ ፊት በፉል ፍሬም፦ 1 ሲካፈል ለ0.4 ይሆናል 2.5፤ 1 ሲደመር 3.5። 330 ሲካፈል ለ3.5 ወደ 94 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ለሙሉ ቁመቷ 670 ሲካፈል ለ11፣ 61 ሚሊ ሜትር። በኤፒኤስ-ሲ ያው ስሌት ለፊት 68፣ ለሙሉ ቁመት 41 ይሰጣል። ስሌቱ ሌንስን እንደ አንድ ቀጭን መስታወት ስለሚቆጥር በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢስት አይደነቁ፤ ለመምረጥ ግን ይበቃል።

ውጤቱን ከገበያው ጋር ሲያገናኙት እንዲህ ይነበባል። ፉል ፍሬም ላላቸውና ለአንድ ስድስተኛ አሻንጉሊት ከ90 እስከ 105 ያለ ማክሮ (ከቅርብ ለማጉላት የተሠራ) ሌንስ ለፊት ይሆናል፣ 50 ወይም 60 ለሙሉ ቁመት። ኤፒኤስ-ሲ ላላቸው ከ60 እስከ 70 ያለ ማክሮ ለፊት፣ 35 ወይም 40 ለሙሉ ቁመት። አንድ ሌንስ ብቻ የሚገዛ ሰው ቢጠይቀኝ የፊቱን እንዲገዛ እመክራለሁ። በፊቱ ሌንስ ወደ ኋላ በመራቅ ሙሉ ቁመቷን መያዝ ይቻላል፤ በቁመቱ ሌንስ ፊቷን መያዝ ግን ብዙ ጊዜ አይቻልም።

መራቂያ ቦታ መኖሩን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። 60 ሴንቲ ሜትር አሻንጉሊት ያለው ሰው በኤፒኤስ-ሲ ካሜራና በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሙሉ ቁመቷን ለመያዝ ወደ 2.8 ሜትር መራቅ አለበት፤ ከዚያ ላይ የራሱ አካል፣ ካሜራውን የሚያቆመው ባለ ሦስት እግር ትራይፖዱና ከአሻንጉሊቷ ኋላ ያለው ግድግዳ ይጨመራል። በ50 ሚሊ ሜትር 1.65 ሜትር ይበቃዋል። ሜትሩን አውጥተው ክፍልዎን ይለኩ፤ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ሳይንቀሳቀሱ።

ማጉላቱ ብቻ ተሟልቶ ርቀቱ ሲቀር የሚመጣውን ጣጣ በአንድ ንጽጽር ላሳይ። የካኖን አርኤፍ 35 ኤፍ 1.8 ማክሮ እና አርኤፍ 85 ኤፍ 2 ማክሮ ሁለቱም እስከ 0.5 ያጎላሉ። የመጀመሪያው ያንን የሚያደርገው ከሴንሰሩ 17 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲሆን ሁለተኛው 35 ላይ ነው። በ35ቱ የተነሳች አሻንጉሊት ጉንጯ ይነፋል፣ ሌንሱ ራሱ ብርሃኗን ይጋርዳል። በ85ቱ ፊቷ የሠሪዋ እጅ ያወጣው ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው መጥፎ ሌንስ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለጫማዋ፣ ለቦርሳዋ፣ ለትንሿ የሻይ ጀበናዋ ግሩም ነው። ፊት ላይ ግን ርቀቱ ይፈርዳል።

ደረጃ 5፦ የሰፊ አፐርቸር ዋጋን ይመርምሩ

ሌንስ ሻጮች ኤፍ 1.4ን እና 1.2ን እንደ ዘውድ ያቀርቡታል፤ ዋጋውም እንደ ዘውድ ነው። ለአሻንጉሊት ግን ዘውዱ ብዙም አይገጥምም።

ምስል ውስጥ አንድ ነገር ትንሽ መሆኑን ዓይናችን ከሚያውቅባቸው ምልክቶች አንዱ ብዥታ ነው። ከተማን ከላይ አንስተው ዳርና ዳሩን ሲያደበዝዙት መኪናና ሰው የመጫወቻ መስሎ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። አሻንጉሊትን በኤፍ 1.8 ከቅርብ ሲያነሱ ሳያስቡት ይህንኑ ይሠራሉ፤ አንደኛው ዓይኗ ጠርቶ ሌላኛው ይፈዛል፣ ከንፈሯ ይጠፋል፣ ተመልካቹም ወዲያው «ትንሽ ነገር ናት» ይላል። እኛ የምንፈልገው ተቃራኒውን ነው።

ቁጥሩን እንየው። ለፊት በፈለግነው 0.4 ማጉላት፣ በፉል ፍሬም፣ ኤፍ 2.8 ላይ የሚጠራው ጥልቀት 1.5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በኤፍ 8 ወደ 4 ሚሊ ሜትር፣ በኤፍ 11 ወደ 6 ያድጋል። ለሙሉ ቁመት በ0.1 ማጉላት ኤፍ 2.8 ሁለት ሴንቲ ሜትር ሳይሞላ፣ ኤፍ 8 ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ይሰጣል። ረጅም ሌንስ ይህን ጥልቀት ያሳጥራል የሚለው እምነት እዚህ አይሠራም። ማጉላቱና አፐርቸሩ እኩል ከሆኑ 50ውም 100ውም የሚሰጡት ጥልቀት አንድ ነው ማለት ይቻላል። የሚለያዩት በኋላው ገጽታ ነው፤ ረጅሙ ሌንስ ከኋላዋ ያለውን ጥቂት ቦታ አጉልቶ ስለሚዘረጋው ዳራው ለስለስ ያለ ይመስላል።

ሰውን በ85 ሚሊ ሜትርና በኤፍ 2 ስናነሳ የሌንሱ ቀዳዳ 42 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 85ን ለ2 አካፍለው ያገኙታል። ሁሉም ነገር ስድስት እጥፍ ካነሰ ቀዳዳውም ስድስት እጥፍ ማነስ አለበት፤ 7 ሚሊ ሜትር። በ60 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህ ኤፍ 8 ገደማ ነው። ስለዚህ ለአንድ ስድስተኛ አሻንጉሊት ኤፍ 8 ማለት ለሰው ኤፍ 2 እንደ ማለት ነው፤ ዓይኖቿ ጠርተው ዳራው የሚለሰልስበት ልክ። ይህን ካወቅሁ በኋላ የሌንስ ዝርዝር ስመለከት ዓይኔ ከአፐርቸሩ ቁጥር ላይ ተነስቶ ወደ ማጉላቱ ሄዷል።

«ኤፍ 8 ላይ ብርሃኑ ይበቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። አሻንጉሊት አትተነፍስም፣ አታርገበግብም። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርገው፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100 ላይ አውርደው፣ በሁለት ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ሹተሩን (የብርሃን መዝጊያውን) አንድ ሙሉ ሰከንድ ክፍት ቢያደርጉት ትጠብቅዎታለች። ለሰፊ አፐርቸር የሚያወጡት ገንዘብ ሩቡ እንኳ ጠንካራ ትራይፖድ ይገዛል። በሌላ በኩል ኤፍ 16ን አልፈው አይሂዱ፤ ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ምስሉ በሙሉ ይለዝባል፣ ከቅርብ ሲያነሱ ደግሞ ይህ ይብሳል። ኤፍ 11 ካልበቃዎት ትኩረቱን ከአፍንጫ ወደ ጆሮ እያንቀሳቀሱ ብዙ ፎቶ አንስተው በኮምፒውተር ያዋህዷቸው።

ሰፊ አፐርቸር በእርግጥ የሚጠቅመው 60 ሴንቲ ሜትር የሚሆኑትን አሻንጉሊቶች ደጅ አውጥተው፣ ያለ ትራይፖድ፣ ሙሉ ቁመታቸውን ለሚያነሱ ነው። ቅጠሉ እየተወዛወዘ፣ ብርሃኑም እየመሸ ከሆነ 1.8 ውለታ ይውላል። ለእነሱ በኤፒኤስ-ሲ ላይ ያ የእኔ 85 ሌንስ ለፊትም ሊበቃቸው ይችላል፤ 20 ሴንቲ ሜትር ቦታ ለመሙላት የሚያስፈልገው 0.12 ስለሆነ ሌንሱ ጠርዙ ላይ ይደርስላቸዋል።

ደረጃ 6፦ ከመግዛትዎ በፊት ያለዎትን ሌንስ ያስጠጉት

የእኔ 85 በከንቱ አልቀረም። ማራዘሚያ ቀለበት የሚባል፣ ውስጡ መስታወት የሌለው ባዶ ቱቦ አለ፤ በካሜራውና በሌንሱ መካከል ይገባል። የሚጨምረውን ማጉላት ለማወቅ የቀለበቱን ርዝመት በሌንሱ የትኩረት ርዝመት ያካፍሉ። 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት በ85 ላይ ወደ 0.29 ይጨምራል፤ ከራሱ 0.12 ጋር 0.41 ሆነ። ስፈልገው የነበረው 0.4 ነበር! ርቀቱም ከሌንሱ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ከደረጃ 1 ቁጥር ጋር ተገናኘ። በዚያ ቀለበት ለመጀመሪያ ጊዜ የአሻንጉሊቷን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ አየሁ፤ አንድ ሰው በቀጭን ብሩሽ ትንፋሹን ይዞ የሳላቸው መስመሮች ናቸው።

ቀለበት ሲገዙ በኤሌክትሪክ ማገናኛ የተሠራውን ይምረጡ፤ ያለዚያ አፐርቸሩንና አውቶፎከሱን (ካሜራው ራሱ ትኩረት የሚይዝበትን) ከካሜራው መቆጣጠር አይችሉም። ቀለበቱ እያለ ሩቅ ነገር አይጠራም። በእኔ ሌንስ ላይ ከ12 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ቦታ መያዝ አይቻልም፣ ከ9ም ብዙ አያንስም። ለሙሉ ቁመት ማውለቅ ግድ ነው። ለ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 12 ሚሊ ሜትር ቀለበት ይበቃል፤ 0.24 ይጨምራል።

ከሌንሱ ፊት የሚጠመዘዙ ማቅረቢያ ፊልተሮችም አሉ። ፕላስ 2 የተጻፈበት ሩቅ ላይ የተስተካከለን ሌንስ 50 ሴንቲ ሜትር ላይ እንዲያተኩር ያደርገዋል። ከአንድ መስታወት የተሠሩት ርካሾቹ የምስሉን ዳር ያለዝባሉ፤ ሁለት መስታወት የተጣበቀባቸው በጣም ይሻላሉ። ከ85 በላይ ለሆኑ ሌንሶች ከቀለበት ይልቅ እነዚህ ይመቻሉ።

የቆዩ፣ በእጅ የሚተኮሩ ሌንሶችም መልካም አማራጭ ናቸው፤ አሻንጉሊቷ ስለማትንቀሳቀስ አውቶፎከስ ባይኖር አይጎዳም። የኒኮን የድሮው 55 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 ማክሮ እስከ 0.5 ያጎላል፣ በአስማሚም ለብዙ ሚረርለስ (ውስጣቸው አንጸባራቂ መስታወት የሌለባቸው) ካሜራዎች ይገጠማል። ሲገዙ በእጅ ባትሪ ውስጡን ይመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታና በአፐርቸሩ ምላጮች ላይ የፈሰሰ ዘይት ካዩ ይተዉት።

በስልክ የሚያነሱ ሰዎች ደግሞ በደረጃ 1 ያወጡትን ርቀት ጠብቀው ባለ 2 ወይም ባለ 3 እጥፉን ካሜራ ይጠቀሙ። የስልክ ዋናው ካሜራ በፉል ፍሬም ቢለካ ከ24 እስከ 26 ሚሊ ሜትር የሆነ ሰፊ ሌንስ ነው፤ ምስሉን ለመሙላት ሲጠጉ ፊቷን ያጣምመዋል። የብዙ ስልኮች ማክሮ ዘዴም በጣም ሰፊውን ሌንስ ስለሚጠቀም ለፊት አይሆንም።

ደረጃ 7፦ የዓይኗን መስታወት ያስቡ

ይህን ብዙ ሰው ከገዛ በኋላ ነው የሚያስበው። የመስታወት ወይም የሬዚን ዓይን ያላት አሻንጉሊት ከፊቷ ያለውን ሁሉ በዓይኗ ታሳያለች፤ ካሜራውን፣ እጅዎን፣ ነጭ ሸሚዝዎን። በቀረቡ ቁጥር ነጸብራቁ ይገዝፋል። በሁለት ሌንሶች መካከል ከተወዛገቡና ዓይኗ የሚያንጸባርቅ ከሆነ፣ ከሩቅ የሚያስነሳዎትን ረጅሙን ይውሰዱ። ጥቁር ልብስ ይልበሱ፤ ካሜራውንም ከዓይኗ ትይዩ ላይ ያድርጉ፤ ከላይ ወደ ታች አያንሷት።

ደረጃ 8፦ በቴፕ ይሞክሩ፣ ሲደርስ ይፈትሹ

ዙም ሌንስ ካለዎት ስሌቱ በሰጠዎት ሚሊ ሜትር ላይ አድርገው የሚዞረውን የዙም ቀለበት በወረቀት ቴፕ ያሽጉት። ለአንድ ሳምንት በዚያ ብቻ ያንሱ። ቴፑን ለማንሳት እጅዎ ወደየት እንደሚሄድ ይከታተሉ። ሁልጊዜ ወደ ረጅሙ ከሆነ ረጅሙን ይግዙ፤ ሁልጊዜ ግድግዳ የሚገፋዎት ከሆነ አጭሩን። የአሻንጉሊት ክፍልና ቤት ሠርተው ቦታውን ከነዕቃው ማሳየት የሚወዱ ከሆነ ደግሞ በፉል ፍሬም 35፣ በኤፒኤስ-ሲ 24 ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ሌላ ሳምንት ይጨምሩ።

አዲሱ ሌንስ ሲደርስ መመለስ የሚቻልበት ቀን ሳያልፍ በሦስት ነገር ይፈትሹት። መጀመሪያ ማስመሪያ ከፊቱ አጋድመው እስከ መጨረሻው ተጠግተው ያንሱ፤ በምስሉ ውስጥ የገባውን ሚሊ ሜትር ቆጥረው የሴንሰሩን ርዝመት ለዚያ ሲያካፍሉ አምራቹ የጻፈው ማጉላት ሊወጣ ይገባል። ቀጥሎ ማስመሪያውን አዘንብለው አንዱ ቁጥር ላይ ያተኩሩ፤ የጠራው ያ ቁጥር ካልሆነና ከኋላው ወይም ከፊቱ ያለው ከሆነ አውቶፎከሱ ይስታል። በመጨረሻም ጥቁር ፀጉር ያላትን አሻንጉሊት ከመስኮት ፊት ያቁሙና ከፀጉሯ ጫፍ የወጡትን ነጠላ ክሮች ምስሉን አጉልተው ይመልከቱ። በኤፍ 8 ላይ በክሮቹ ዳር ወፍራም ሐምራዊ ወይም አረንጓዴ ጥላ ካለ ያንን ሌንስ ይመልሱት።